ስም የሌላቸው ቁልፎች

ባንቲሁን ሰው መናቅ የጀመረው ዐይኑ ከጠፋ በኋላ አይደለም። ድሮም ይንቅ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዳ፣ ፍሬኑን ሳይፈትሽ ቁልቁለት የሚገባውን ሹፌር፣ ጭነቱን ሳያይ የሚፈርመውን ጸሐፊ፣ ኬላ ላይ ወረቀት ገልብጦ ይዞ ያነበበ የሚመስለውን ዘበኛ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ይንቅ ነበር። ሥራውን የማያውቅ ሰው አይወድም። የራሱን ሥራ ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ግመሎች ከመንገድ ዳር ድንገት ብቅ ማለት ሲጀምሩ ጥፋቱን የጣለው ግመሎቹ ላይ ነው። የጅቡቲዋን ከተማ ዲኪልን ካለፈ በኋላ ባለው ሜዳ፣ አሁን ባዶ የነበረ ቦታ ላይ ግመል ይቆማል። ባንቲሁን ይሳደባል። ቀጥሎ መስታወቱን ጠረጠረና በየማረፊያው እየወረደ ይወለውል ጀመር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከመንገድ ዳር የቆመን ቦቴ ጎን ልጦ ሲያልፍ ግን፣ ቦቴን ያህል ነገር ያላየ ሰው ግመልን መውቀስ እንደማይችል ገባው። መኪናውን ዳር አስያዘ፣ ከኋላው ይከተለው ለነበረ ጓደኛው ቁልፉን ሰጠ፣ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው። ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው፣ ዘግይተሃል ብሎም ጨመረበት። በሁለት ዓመት ውስጥ የቀረውም ሄደ።

ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ድሬዳዋ አልተመለሰም። የሰፈሩ ሰው ከንፈር ሲመጥለት ከመስማት የጅቡቲ ሙቀት ቢያቃጥለው መረጠ። ሚስቱ እንቁ ተከትላው መጣች። ካርቲየ 1 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ከአንድ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እሷ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኛነት ገባች። የምታድረው እዚያው ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት መጥታ ዓርብ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። በቀሩት ቀናት ባንቲሁን ብቻውን ከስልኩ ጋር ነው።

ስልኩ ይናገራል። ማያ ገጹ ላይ ጣቱን ያሳለፈበትን ሁሉ ያነብለታል። ባንቲሁን በሦስት ወር ውስጥ ንግግሩን በጣም ስላፈጠነው ሌላ ሰው ሲሰማው የንብ መንጋ ይመስለዋል። የድሮ ጓደኞቹ ወደብ በር ላይ ሲጨናነቁ እየደወሉ ይጠይቁታል። "ባንቴ፣ ይሄን ወረቀት አልቀበልም አለኝ፣ ምን ላድርግ?" እሱም የትኛው መስኮት እንደሚኬድ፣ የትኛው ማኅተም እንደጎደለ ይነግራቸዋል። ፈረንሳይኛውን ከቤት ያመጣው ነው። አባቱ ድሬዳዋ የባቡር ዴፖ መካኒክ ስለነበር ቋንቋውን ከነስድቡ አስተምሮታል።

አንድ ሐሙስ እንቁ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሦስት ሹፌር በተከታታይ ሲያነጋግር ሰማችው።

"ይሄን ሥራ ሰው ትራንዚተር ተብሎ ነው የሚሠራው። አንተ ግን በነፃ ትሠራዋለህ" አለችው።

"ዲፕሎማ ያስፈልገዋል።"

"ታዲያ ተማራ።"

እንደዚያ ነው የተጀመረው። ከተማው ውስጥ የወደብና የጉምሩክ ሥራ የሚያስተምር አንድ የግል ኢንስቲትዩት ነበር። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ። ባንቲሁን በአርባ አንድ ዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃውን ይዞ፣ በበትሩ ደረጃውን እየቆጠረ፣ ዲሬክተሯ ቢሮ ገባ።

ዲሬክተሯ ማዳም ውዳድ ይባላሉ። ድምፃቸው ማር የተቀባ ነው። ከወንበራቸው ተነሥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ኢንስቲትዩቱ ለአካል ጉዳተኞች በሩ የተከፈተ መሆኑን፣ አካታችነት የተቋሙ ልብ መሆኑን፣ በዚህ ዓመት ትምህርቱ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ሊማር እንደሚችል ነገሩት። ምዝገባው ከማለቁ በፊት ፎቶ አንሺ ተጠራ። ባንቲሁንን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርገው፣ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አስተካከሉለት።

"ፈገግ ይበሉ" አሉት።

"ይሄ ኮምፒውተር ጠፍቷል" አለ ባንቲሁን። የውስጥ ማራገቢያው ድምፅ አይሰማም።

"ለፎቶ ብቻ ነው እኮ" አሉት ማዳም ውዳድ በደግነት።

ያን ቀን ነበር ሰዎቹን የመዘናቸው። ግን መማር ፈልጎ ስለነበር ተመዘገበ።

ትምህርቱ የሚገኝበትን ገጽ ቤቱ ሄዶ በስልኩ ከፈተው። ጣቱን አሳለፈ። "ቡቶን" አለ ስልኩ በፈረንሳይኛ። ቁልፍ ማለቱ ነው። የምን ቁልፍ እንደሆነ አልነገረውም። ጣቱን ወደ ታች አወረደ። "ቡቶን።" እንደገና። "ቡቶን። ቡቶን። ቡቶን።" ሃያ ሦስት ቁልፍ ቆጠረ፣ አንዱም ስም የለውም። ለሚያይ ሰው እያንዳንዳቸው ላይ ሥዕል አለ፦ መጽሐፍ፣ ደወል፣ ፖስታ። ሥዕሉ ምን እንደሆነ ስልኩ እንዲያነበው በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። አንዱን በድፍረት ተጫነው፣ ከገጹ አስወጣው። ሌላውን ተጫነው፣ ቋንቋውን ወደ ዐረብኛ ቀየረበት። በሦስተኛው ቀን ስድስተኛው ቁልፍ ትምህርቱን እንደሚከፍት አወቀ። አሥራ አንደኛው የቤት ሥራ ነው። እንደ መንገድ ጉድጓድ በቃሉ ያዛቸው።

ስድስተኛውን ሲከፍት ደግሞ "ኢማዥ" አለው። ምስል። ከዚያም ሌላ ምስል። የጉምሩክ ሕግ መምህሩ ሙሲዬ ዓብዱልጀሊል እያንዳንዱን ገጽ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ይለጥፉት ነበር። ከምስል ላይ ፊደል ለቅሞ የሚያነብ መተግበሪያ ባንቲሁን ነበረው። ሞከረው። ፎቶዎቹ ግን ጠማማ፣ የመብራት ነጸብራቅ ያረፈባቸው፣ አንዳንዶቹም ላይ የመምህሩ አውራ ጣት የተጋደመባቸው ስለነበሩ፣ መተግበሪያው የሚያወጣው የሰካራም ወሬ ነበር። ግማሽ መስመር ይልና ይዘላል፣ ከቁጥር መሐል ፊደል ይተፋል።

በማግስቱ ክፍል ሲያልቅ ሙሲዬ ዓብዱልጀሊልን ጠበቃቸው።

"ሙሲዬ፣ ጽሑፉን ራሱን ቢሰጡኝ ስልኬ ያነብልኛል። ፎቶውን ግን አያነብም።"

"ለሁሉም ተማሪ የምሰጠው አንድ ዐይነት ነው" አሉ ሙሲዬ ዓብዱልጀሊል። "ላንዱ ካዳላሁ ሌላው ይጠይቀኛል። የሚያነብልህ ሰው የለህም? ሚስት የለህም?"

"ሚስቴ የሰው ቤት ነው የምታድረው።"

"እንግዲህ በሚመቻት ቀን" አሉና ቦርሳቸውን ዘጉ።

የሚመቻት ቀን ዓርብ ነው። እንቁ ስድስት ቀን የሰው ልጆች ስታሳድግ፣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ሰንብታ፣ በእረፍቷ ቀን የባሏን ስልክ ይዛ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ትምህርቷን ያቆመችው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ፈረንሳይኛዋ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ሽንኩርትና ሳሙና፣ ፎጣና ብርድ ልብስ። የጉምሩክ ሕግ አንቀጽ ግን አታውቅም። ፊደል በፊደል ትቆጥርለታለች፣ እሱ ይገጣጥመዋል።

"ዲ፣ ኢ፣ ዲ፣ ኦ፣ ዩ... እዚህ ላይ ጣት አለበት" ትለዋለች።

"የምን ጣት?"

"የሰውዬው ጣት። ሦስት መስመር ሸፍኗል።"

አንድ ዓርብ ሁለት ጊዜ ስታሳስተው ጮኸባት። እንቁ ስልኩን አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ "እኔ ላይ አትጩህ። እኔ ያላነሣሁትን ፎቶ ነው የማነብልህ" አለችው። ባንቲሁን አፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣውን ወደሚገባቸው ሰዎች ማዞር እንዳለበት ወሰነ። ቁጣ ግን አቅም ይጨርሳል፣ እሱ ደግሞ የሚማረው ብዙ ነበረው። ስለዚህ ንቀቱን ብቻ ያዘ። ንቀት አያደክመውም፣ ለምዶታል።

የዓመቱ የጉምሩክ ሕግ ፈተና በኢንተርኔት ነበር፣ አርባ ደቂቃ ብቻ። ባንቲሁን በራሱ ስልክ እንዲፈተን ተፈቀደለት፣ ይህም ትልቅ ውለታ ተደርጎ ተነገረው። ገጹን ሲከፍት ከጥያቄዎቹ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ ገጠመው። "ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ።" ከዚያም ዘጠኝ ጊዜ፣ "ኢማዥ።" በሥዕሉ ፋንታ ድምፅ የሚያሰማ ዐይነት እንዳለ ያውቃል፣ ሌላ ቦታ አጋጥሞታል። ፈለገው። ኢንስቲትዩቱ ያመጣው ግን ድምፅ የሌለውን ነው።

እጁን አነሣ። ፈታኟ መጣች።

"እነዚህን ሥዕሎች ብቻ ይምረጡልኝ። ጥያቄው ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ ነው የቆምኩት።"

"የተፈታኝ ስልክ መንካት ክልክል ነው" አለች።

"ሰው መሆኔን ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ ያዩኛል አይደል?"

"ይታዩኛል። ግን ክልክል ነው።"

የአዲስ አበባን የትራፊክ መብራት ሁሉ በሌሊትም በቀንም ያለፈ ሰው፣ ሥዕሉን መርጦ ሰውነቱን ማስመስከር አቅቶት አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። በግምት ነካካ። ሦስት ጊዜ ሲሳሳት ገጹ ተቆለፈ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ በስልኩ መጣ። ያም ፎቶ ነበር። ዓርብ እንቁ አነበበችለት፦ ዜሮ።

ማዳም ውዳድ በዚያው ማር በተቀባ ድምፅ ተቀበሉት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"የእርስዎ ነገር ልቤን ነክቶታል" አሉት።

"ልብዎን ይተዉት ማዳም። ለቁልፎቹ ስም ያውጡላቸው።"

"ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ግን የተሻለ ነገር አስቤልዎታለሁ።" ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ። "በሚቀጥለው ወር ፕሮጀክታችንን የሚደግፉ እንግዶች ይመጣሉ። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ስልክዎ እንዴት እንደሚያስተምርዎት ያሳዩልናል። ውጤቱን እኔ አስተካክለዋለሁ። ከሃያ አሥር ይሰጥዎታል። ያልፋሉ።"

"ያልተፈተንኩትን?"

"ከሁኔታዎ አንጻር።"

ባንቲሁን ሳያስበው ሳቀ። አሥራ ሰባት ዓመት ሚዛን ላይ ያልወጣ ጭነት አልጫነም። ጉቦ ሰጥተው ያለፉትን ሹፌሮች ስማቸውን እስከ ዛሬ ያስታውሳል፣ ሰላምታም አይሰጣቸውም። አሁን እዚህ ሽቶ የሚሸት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት የተማረች ሴት ዕውቀት የሌለበት ወረቀት እንደ ምጽዋት ትዘረጋለታለች፣ ምስጋናም ትጠብቃለች።

"አሥሩን ለሌላ ሰው ይስጡት" አለ። "እኔ ፈተናውን ነው የምፈልገው። መድረኩ ላይ ግን እወጣለሁ።"

ማዳም ውዳድ የሰሙት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ደስ አላቸው።

የእንግዶቹ ዕለት አዳራሹ ሞላ። አየር ማቀዝቀዣው ይጮሃል፣ ከኋላ ሳምቡሳ ይሸታል። ሦስት ሰዎች በየተራ ስለ አካታችነት ተናገሩ። ሦስቱም "ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" አሉ። ከዚያ ባንቲሁን ተጠራ። ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀመጠ፣ ፍጥነቱን ሰው እንዲሰማው ቀነሰና የኢንስቲትዩቱን ገጽ ከፈተ። ጣቱን አሳለፈ።

"ቡቶን" አለ ስልኩ በመላው አዳራሽ። "ቡቶን። ቡቶን። ቡቶን።"

ሃያ ሦስቱንም አሰማቸው። አላቋረጠም። ከዚያ ስድስተኛውን ከፈተ። "ኢማዥ። ኢማዥ። ኢማዥ።" ሲያበቃ ቀና ብሎ፣ "ከእነዚህ ፈተናዬን የሚከፍተው የትኛው ነው? የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ" አለ።

ከዚያ አጨበጨቡ። ባንቲሁን መጀመሪያ የተሳለቁበት መስሎት ነበር። ኧረ ከልባቸው ነው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ለጎረቤቱ በፈረንሳይኛ፣ "ይናገራል እኮ፣ የሚገርም ነው" ሲል ሰማው። ማዳም ውዳድ ማይክሮፎኑን አነሡና፣ "እንደምታዩት ተማሪዎቻችን ቀልደኞችም ናቸው" ብለው እንግዶቹን ወደ መስተንግዶ ጋበዙ። አንዲት ሴት መጥታ ክንዱን እየዳበሰች በጣም አበረታታኸኝ አለችው። ሌላ ሰው ሳይጠይቀው መዳፉን ገልጦ ሳምቡሳ አስቀመጠበትና ጣቶቹን መልሶ አጠፈለት።

ባንቲሁን እንዳልገባቸው ሲያውቅ ንዴቱ ለቀቀው። ቢያፍሩ ኖሮ ሰዎች ናቸው ይል ነበር። ሳምቡሳውን በላው፣ ርቦት ነበርና፣ ወጥቶም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። "ጋሽ ባንቲሁን፣ ከይረዲን እባላለሁ፣ የኢንስቲትዩቱ ኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ" አለ በአማርኛ። ሠላሳ ያለፈው፣ የታከተው ሰው ድምፅ ነው። ገብቶ ለመቀመጥ እንኳ አመነታ።

"ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ።

ባንቲሁን እንዲቀመጥ ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ አደረገለት።

"ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ ተውኩት። ገጹ ለሚመረቅበት ቀን ጨርስ ተብዬ ነበር፣ ያንን የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። ትናንት ስልክዎ አዳራሹ ውስጥ ሲያነብ... እኔ ከኋላ ድምፁን ስቆጣጠር ነበር።"

"ቦታው እንዳለ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ስሙን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት። ቢበዛ ሦስት።"

አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፍ እንደ ጉድጓድ በቃሉ የያዘው፣ የእንቁን ዓርቦች ያቃጠለው፣ ዜሮ ያገኘው ለሁለት ሰዓት ሥራ ነበር። መንገዱን የዘጋበት ተራራ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። በተራራ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ በተራራ ተሸነፍኩ ይላል።

"በል ክፈተው" አለው። "እዚሁ ጻፍልኝ፣ እኔ እያዳመጥኩ።"

ከይረዲን ላፕቶፑን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ። እስከ ምሳ ድረስ ሠሩ። ስልኩ አንድ በአንድ "ትምህርቶች"፣ "መልእክት"፣ "ፈተና" ይል ጀመር። የሮቦቱን ጥያቄ ከይረዲን ራሱ ከገጹ ላይ አጠፋው። ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎቹን በስም እያስገባ ምን ሊያጣራበት እንዳስቀመጠው እሱም እንደማያውቅ ተናገረ። የሙሲዬ ዓብዱልጀሊልን ፎቶዎች ሲከፍት ግን መተየቡን አቆመ።

"ምነው?"

"ጋሽ ባንቲሁን፣ ይሄ የመጽሐፍ ፎቶ አይደለም። የራሳቸውን ላፕቶፕ ማያ ገጽ ነው ፎቶ ያነሡት። ጽሑፉ አላቸው።"

ጽሑፉ ነበራቸው። ሙሲዬ ዓብዱልጀሊል ተማሪዎች ገልብጠው ለሌላ ኢንስቲትዩት ይሰጡብኛል ብለው ፈርተው፣ የራሳቸውን ጽሑፍ በራሳቸው ስልክ፣ አውራ ጣታቸውን ጨምረው ያነሡ ነበር። ከይረዲን ሲጠይቃቸው ለአሥር ቀን ያህል ነገ እያሉ አንገላቱት፣ በመጨረሻ ሰጡት። ባንቲሁን የጉምሩክ ሕጉን በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ሰማው። ጠላው እንጂ አልከበደውም። ከይረዲንን አላመሰገነውም። ሻይ ግን አፍልቶለታል፣ እጁ እየተቃጠለ።

ፈተናውን እንደገና ተፈተነ። ከሃያ አሥራ ስድስት አገኘ። ሙሲዬ ዓብዱልጀሊል ሁለት ጊዜ አረሙት፣ ከዚያ በላይ አንድም ነጥብ የሚቀንሱበት አላገኙም። ሁለተኛውን ዓመት ከሌላው ተማሪ ጋር እኩል ተማረ፣ እኩልም ሰለቸው። ተመረቀ።

በተመረቀ በወሩ ማዳም ውዳድ አስጠሩት። ለኢንስቲትዩቱ የአካታችነት አማካሪ የሚባል ቦታ መፍጠራቸውን ነገሩት። የራሱ ቢሮ፣ በሩ ላይ ስሙ።

"ሥራው ምንድን ነው?" አለ ባንቲሁን።

"ስብሰባ ላይ ይገኛሉ። እንግዶች ሲመጡ ይቀበላሉ። ተሞክሮዎን ያካፍላሉ።"

"ስልኬ የማያነበውን ትምህርት ገጹ ላይ አይወጣም ብዬ መመለስ እችላለሁ?"

"እሱ የመምህራኑ ጉዳይ ነው።"

"እንግዲያው እኔን አይደለም የፈለጋችሁት" አለና ተነሣ። ማዳም ውዳድ ቅር አላቸው። ለሰው ደግ ማድረግ እንዴት እንደሚያስቸግር ለጸሐፊያቸው ሲናገሩ ኮሪደሩ ላይ ሰማቸው።

አሁን ወደብ አቅራቢያ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሹፌሮች ይደውሉለታል፣ ሰነድ ይልኩለታል፣ የተሳሳተውን ቁጥር ከነመስመሩ ይነግራቸዋል። ድምፁን እንጂ ሰውየውን የማያውቁ ብዙ ናቸው። እንቁ ከፈረንሳዮቹ ቤት ወጥታ በቀን ብቻ የምትሠራበት ሌላ ቤት አግኝታለች፣ ማታ ማታ ቤቷ ናት። የባንቲሁን ፎቶ አሁንም ኢንስቲትዩቱ በር ላይ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሏል። አውርዱት ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎላቸዋል። መልስ አልመጣም።

ባለፈው መስከረም ሀዊ የምትባል፣ ሃያብለ ከሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የሆነች ልጅ ደወለችለት። ዐይኗ ከልጅነቷ አያይም። እዚያው ኢንስቲትዩት ለመመዝገብ አስባ፣ በሩ ላይ ስለተሰቀለው ፎቶ የነገራት ሰው የባንቲሁንን ስልክ ቁጥር አፈላልጎ ሰጥቷት ነው።

"ሰዎቹ ክፉ ናቸው እንዴ ጋሼ?"

"አይደሉም። ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንዳደረገብሽ ያውቃል።" ከዚያ እንደ መንገድ አቅጣጫ አንድ በአንድ ነገራት። ከመመዝገቧ በፊት ገጹን በራሷ ስልክ ከፍታ እንድትሞክር። የማይነበብ ነገር ካገኘች በጽሑፍ እንድትጠይቅ፣ በቃል የተነገራትን ሁሉ እንዳልተባለ እንድትቆጥር። ከይረዲን ሥራ ስለለቀቀ የአዲሱን የኮምፒውተር ሠራተኛ ስም ጠይቃ እሱን እንድትይዝ። የሙሲዬ ዓብዱልጀሊልን ጽሑፍ ባንቲሁን ራሱ ላከላት።

በሳምንቱ ደውላ ተመዘገብኩ አለችው። ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ነበር። ሀዊ የመጀመሪያውን ፈተና ከተፈተንኩ በኋላ ኑ ብላ መልሳዋለች። ማዳም ውዳድ በጣም አዝነው፣ የዛሬ ልጆች ምስጋና አያውቁም ብለዋል።

ባንቲሁን ይህንን ለእንቁ ሲነግራት ሁለት ጊዜ ደገመው፣ እሷም እየሳቀች ሦስተኛ አስደገመችው።